የፋሲካ ማግስት ባቡር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 18 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ወንድሜ ለጋሼ ወልደጻድቅ፣ ጅቡቲ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የባሕር ሙቀት ዘንድሮ አልበረታብዎትም? እኛ እዚህ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በነፍስ አለን። ሕፃኑ ጥርስ አብቅሏል። በለጠችም ስድስት ዓመት ሞላት፤ ምላሷም ከዕድሜዋ ቀድሟል።

ለፋሲካ የላኩላት ነጭ ጫማ ልክ ሆኗት ነበር። አደራዎን ሳልጠብቅ በመቅረቴ አፍራለሁ፤ የፋሲካ ማግስት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አንዱን እግር ጫማ ወሰደው። የቀረው አንድ እግር ምን ይሠራል ብዬ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። እጅዎ ላይ የሚከብድ ካልሆነ ሌላ ጥንድ ቢልኩላት ደስ ይላታል።

ባለቤቴ ገብረወልድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «ሰላም በይልኝ፤ ስለ ጎርፉ ግን አታብዢ፣ ሰው አገር ያለ ሰው በወሬ ይደነግጣል» ይላል። እኔም አላበዛም።

የቅዱሳን ጥበቃ አይለይዎ።

እኅትዎ ሰርካዲስ


ጅቡቲ፣ ወደብ
ሚያዝያ 28 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ ሰርካዲስ፣ በያለሁበት በጸሎቷ ለምታቆመኝ።

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደኅና ነኝ። ሙቀቱንም ለምደነዋል፤ እሱም እኛን ለምዶናል፣ ቤት ድረስ ይከተለናል።

ወሬያችሁ ከደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰኝ። ከባቡሩ ጋር የመጣው ዓብዲ በወደቡ በር ላይ ያዘኝና፣ «አማችህ ጉድ ሠራ! ጎርፍ ሲመጣ ሮጦ ገመድ አምጥቶ ሚስቱንም ልጆቹንም ከውኃ አወጣ» አለኝ። ኩራቴ ለራሴም ገረመኝ። በዙሪያዬ የነበረውን ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝሁ። ሰርኬ፣ ታስታውሺ እንደሆነ፣ በሠርጋችሁ ቀን «በዚህ አገር ዘመድ የለውም» ሲባል፣ «ለገብረወልድ ዋሱ እኔ ነኝ» ብዬ የቆምሁት የሙሽራዋ ወንድም እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ዘመዶቻችን አጉረምርመዋል። አሁን የት አሉ?

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እግር ውስጥ ያለ ጫማ እንዴት ብቻውን በውኃ ይሄዳል? ልጅቱስ ያን ጊዜ የት ነበረች? ደግሞ አንቺ ስትጽፊ ሁልጊዜ «ደኅና ነን» ነው የምትይው፤ ዘንድሮ «በነፍስ አለን» አልሽ። ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ሳይ የምውል ሰው ነኝና የጎደለ ነገር አያስተኛኝም፤ ጠባይ ሆኖብኝ ነው።

ጫማውን እፈልጋለሁ። አንቺም ሰው ሲገኝ ትንሽ በርበሬ ላኪልኝ፤ የዚህ አገር ወጥ ውኃ ውኃ ይላል።

ወንድምሽ ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 12 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደጻድቅ፣ ረድኤቱ አይለይዎ።

ደብዳቤዎን ከተቀበልሁ ሰነበትሁ። ልጽፍ እየተነሣሁ ተውሁት። ዛሬ ገብረወልድ ተረኛ ሆኖ ከባቡሩ ጋር ወደ አዋሽ ስለሄደ ብቻዬን ነኝ። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ካነበቡት በኋላ ግን ያቃጥሉት።

የፋሲካ ማግስት የበለጠችን ክርስትና እናት ለመጠየቅ ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር ተነሣን። እኔ ሕፃኑን አዝያለሁ፤ ገብረወልድ ድፎውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ በለጠች ጫማዋን እያየች ትሄዳለች። እንደ ወትሮው በደረቀው ወንዝ፣ በአሸዋው አቋረጥን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ ለካ ላይ፣ በደንገጎ ተራራ በኩል ዘንቦ ኖሯል። መሐል ላይ ስንደርስ በለጠች ጫማዬ አሸዋ ገባበት ብላ ቁጭ አለችና አንዱን አወለቀች። ጫማው እንዴት ብቻውን ሄደ ብለው ነበር፤ እንዲህ ነው።

ያኔ ከሩቅ ጉምጉምታ ተሰማ። «ምንድን ነው?» አልሁ። «የዕቃ ባቡር ነው፣ አትደንግጡ። እኔ የባቡር ድምፅ ይጠፋኛል?» አለ። ከማዶ አንድ የሶማሌ ነጋዴ ግመሎቹን ትቶ «ዳድ! ዳድ!» እያለ ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል። ጎርፍ ማለቱ መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ። ገብረወልድ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔ በልቤ፣ በፋሲካ ማግስት እኮ የዕቃ ባቡር የለም፣ አልሁ። ይህን ያስተማረኝ እሱው ነው። ግን አልተናገርሁም። በባቡር ፍሬን ላይ ያረጀው እሱ፣ እኔ ምን አውቄ! እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል የሰማሁትን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ውኃ አይመስልም ነበር፣ ጋሼ። ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል የጭቃ ግድግዳ ነው። ገብረወልድ በለጠችን ከተቀመጠችበት ሊያነሣ እጇን ይዞ ነበር። ለቀቃት። ዞረና ወደ መጣንበት ወደ ከዚራ ዳር ሮጠ።

እኔ ልጄን ጎትቼ ወደሚጮኸው ሰው ሮጥሁ። ውኃው ከጉልበቴ ወገቤ ደረሰ፤ እጇ ከእጄ ወጣ። ያ ሰው ሽርጡን ሰብስቦ ገባና በለጠችን በቀሚሷ አንቆ ያዛት። ለእኔ የግመሉን ገመድ ወረወረልኝ። ቡራሌ ይባላል፤ ከዋሂል እህል በግመል የሚያመላልስ ነው። ረመዳን ነበርና ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም።

ነፍሴ ስትመለስ ዞሬ ማዶውን አየሁ። ገብረወልድ ዳር ላይ ቆሟል። ድፎውን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ልጁን ለቀቀ፣ ዳቦውን አልለቀቀም።

ውኃው መሐላችን ስለነበር ቡራሌ ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ ፋዱሞ ልብሳችንን ቀየረችልን፤ ጾማቸውን በፈቱበት ተምርና ወተት አብልታን አሳደረችን። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለምታውቅ ስለ ሥጋ እንኳ አላነሣችም። «እህቴ፣ አልቅሺ፤ ወላሂ እዚህ ቤት የሚያፍርብሽ የለም» ስትለኝ ነው እንባዬ የመጣው። የሚያሻግር ድልድይ አለ፤ ራቅ ይላል እንጂ አለ። እስኪመሽ ድረስ በሩን በሩን አየሁ። የመጣ የለም።

በማግስቱ ውኃው ጎድሎ ስንወጣ ከአሸዋው ወዲያ ቆሞ ጠበቀን። «እግዜር ይመስገን፣ ተረፍን» አለኝ። ተረፍን!

ዓብዲ የነገረዎትን ወሬ ማን እንደ ጀመረው አሁን ገብቶዎታል። በርበሬውን ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው ልኬያለሁ።

እኅትዎ ሰርካዲስ


ጅቡቲ፣ ወደብ
ሰኔ 3 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሰርካዲስ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያረጋጋልኝ።

መልሴ የዘገየው መርከብ በዝቶብን ነው። ይህን ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሳየው ግን እውነት አይደለም። የምለው ጠፍቶኝ ነው የዘገየሁት።

አለቀስሁልሽ። ለበለጠችም አለቀስሁ። ግን እንደ ታላቅሽ ስሚኝ። ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ እግር ባለቤቱን አያማክርም። ገብረወልድ የጠጣ አይደል፣ የማገጠ አይደል፣ እጁን ያነሣብሽ አይደል። ደንግጦ ሮጠ ተብሎ ትዳር ይፈርሳል? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ወሬውንም ቢሆን ተይው ያውራ፤ ወንድ ልጅ ያለ ክብር አይኖርም። ጎረቤት ቢሰማ ነገ ልጆችሽ «የፈሪ ልጅ» ይባላሉ። አንቺ የባልሽን ገመና ሸፍነሽ ኑሪ፤ ሆድ ይፍጀው።

በርበሬው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የልጅቱን ጫማ አግኝቻለሁ፤ ሰው ሲገኝ ይመጣል።

ወንድምሽ ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ
ሰኔ 9 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደጻድቅ።

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

መሮጡን ይቅር ብዬዋለሁ። እውነቴን ነው። እኔም ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ ታስሮ ባይሆን እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ያልተውሁለት ሌላ ነው።

አባታችን የሚሉትን ረሱት? የልጅህን ነፍስ ያተረፈ ሰው ደጅ በራስህ እግር ትረግጣለህ ይሉ ነበር። እናት ብቻዋን ሄዳ ብታመሰግን ልጁ አባት የለውም ማለት ነው። የረመዳን ጾም ተፈትቶ ኢድ ሲሆን፣ «ዛሬ ባለውለታችንን እንጠይቅ» አልሁት። «ተረኛ ነኝ» አለ። ወጥቶ ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ተቀምጦ ዋለ እንጂ ተረኛ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአሸዋው አያልፍም። መጋላ ጉዳይ ሲኖረው በድልድዩ ዞሮ፣ የቡራሌን መንደር ሸሽቶ ይሄዳል። ገብቶኛል። ቡራሌን ካመሰገነ፣ እሱ የት እንደነበረ መናገር ሊኖርበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ቡራሌን ገበያ አገኘሁት። «የልጅቱ አባት ደኅና ነው? ታሟል እንዴ?» አለኝ። ቅን ሰው ነው፣ ሌላ ነገር አላሰበም። «አዎ፣ ታሟል» አልሁት። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

በዳግማይ ትንሣኤ እንግዶች ሰብስቦ ያን የገመድ ወሬ ሲያወራ በለጠች፣ «አባዬ፣ ገመዱ እኮ የግመሉ ነው» አለችው። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ቆጥቶ አስወጣት። ልጅቱ ያየችውን አይተሻል የሚላት ሰው አጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረው ሲወጡ እጆቿን ከኋላዋ ታጣምራለች፤ እንዳይይዛት። እሱም ያየዋል፣ ግን ያላየ ይመስላል። እርስዎ ሸፍኚ ይሉኛል። እኔ ልሸፍን፤ ልጄንስ በምን ልሸፍናት?

ጫማውን አይላኩ። አሸዋ ላይ አልወርድ ብላለች። ይልቁንስ እዚያ ለእኔና ለልጆቹ አንድ ክፍል ይፈልጉልን።

ሰርካዲስ


ጅቡቲ
ሰኔ 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሰርካዲስ። ለአንቺም ለልጆችሽም የአባታችን አምላክ ይቁምላችሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰሞን ገብረወልድ ከባቡሩ ጋር እዚህ መጣ። እኔ ምንም የማላውቅ መስዬ ምግብ ቤት ወሰድሁት። ባልደረቦቹም ነበሩ። አንዱ፣ «ያቺን የጎርፉን ነገር እስቲ ለአማችህ ንገረው» አለው። ጀመረ። በደንብ ያወራል፤ ውኃውን እንኳ አየሁት። «ገመዱን ይዤ ስመለስ» ሲል፣ «ገብረወልድ፣ ገመዱ የማን ነበር?» አልሁት። በክፋት አልጠየቅሁትም። ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሳህኑ ላይ መልሶ አኖረው፣ እጁን ታጠበና ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። ሐዲዱ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ዓይኑን ከሐዲዱ አላነሣም። «ጋሼ፣ ባቡር መስሎኝ ነው» አለኝ።

ሰርኬ፣ ሸፍኚ ያልሁሽ ስህተት ነው። ላንቺ ያሰብሁ መስሎኝ ለራሴ ዋስነት ነበር ያሰብሁት። አማችህ ጀግና ነው ሲሉኝ ሻዩን የጋበዝሁት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ሰው መልሼ ላስተባብል ነው? ይኼ ነበር ያሳሰበኝ። አሁን ግን ዋስ የሆንሁት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ለእሱም ጽፌለታለሁ፤ ደብዳቤው ከዚህ ጋር ይደርሰዋል። ያልሁት ይኼው ነው፦ አረፋ ደርሷል። በግ ከነነፍሱ እየሳብህ ሂድ፤ እነሱ ራሳቸው ያረዱትን ነውና የሚበሉት አርደህ እንዳትወስድ። በድልድዩ ሳይሆን በአሸዋው ሂድ። ሚስትህና ልጅህ ይስሙ። ካልሄድህ ዋስትናዬን አነሣለሁ፤ እኅቴን ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።

ክፍሉንም አግኝቻለሁ። ጠባብ ናት፣ ግን መስኮቷ ወደ ባሕር ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ። የምትመጪበትንም የምትቀሪበትንም አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከእንግዲህ አልመክርሽም።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሐምሌ 4 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደጻድቅ። የአባታችን ምርቃት ሁሉ እርስዎ ላይ ይረፍ።

ደብዳቤዎን ገብረወልድ በረንዳ ላይ ቆሞ አነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ልብሴን በሻንጣ አዘጋጀሁ። አየው። አልፎት ወጣ።

የአረፋ ዋዜማ ከሥራ ሲመለስ አንድ ሙክት እየሳበ መጣ። «ልጆቹን አልብሻቸው» አለኝ። ሕፃኑን አዘልሁ። በለጠች አሸዋው ዳር ስንደርስ አልወርድም ብላ ቆመች። ገብረወልድ እጁን አልዘረጋላትም፤ አልተቆጣትምም። የበጉን ገመድ ሰጣትና፣ «አንቺ ሳቢው፣ እኔ ከኋላ እነዳዋለሁ» አላት። በጉ ጎተታትና ሳታስበው ወረደች።

ቡራሌ ደጁ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። ሲያየን ተነሣ። «መርሐባ! ዳንክ እንዴ? ታመሃል ብላኝ ነበር» አለው። ገብረወልድ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እንደዋሸሁለት ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«አልታመምኩም» አለ። «እኔ የዚች ልጅ አባት ነኝ። ያን ቀን ጎርፉን ባቡር ነው ብዬ መሐል አሸዋ ላይ አቆምኳቸው። አንተ ስትጮህ ሳቅኩብህ። ከዚያ ልጄን ለቅቄ ሮጥኩ። ያወጣሃቸው አንተ ነህ። ገመዱም ያንተ ነው።»

በለጠች አፏን ከፍታ ታየዋለች። ፋዱሞ ከበሩ ውስጥ አንገቷን አወጣች። ቡራሌ ጎንበስ ብሎ የበጉን ጀርባ ዳበሰ።

«በጉ ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ፣ «ስማ ወንድሜ፤ የሰው ልጅ ነው፣ ያዝኩት። የኔ ልጅ ቢሆን? ወላሂ አላውቅም። እግሬ የት እንደሚሄድ አላህ ነው የሚያውቅ። ትናንት አልመጣህም፣ ዛሬ መጣህ። በቃ፣ ተቀመጥ» አለው። ያን ጊዜ ተቀመጠ።

ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ይህን ብቻ ቢሆን ሻንጣውን ባልፈታሁት ነበር። ንግግር ንግግር ነው። ስንመለስ የሆነውን ይስሙ።

አሸዋው መሐል ስንደርስ ያ ጉምጉምታ ተሰማ። በለጠች ደርቃ ቆመች። አባቷን አላየችም፣ እኔን አየች። ገብረወልድ ጆሮውን አቀና። ባቡር ነበር፤ የሰዓቱ የዕቃ ባቡር። እሱ አውቆታል፣ እኔም አውቄዋለሁ። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ አየሁት። አልተናገረውም። በለጠችን ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ አጣበቃት፣ በሌላ እጁ የእኔን ክንድ ያዘና ሮጠ። ነጠላዬ ወደቀ፣ አላስነሣኝም። ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ ይስቃል። ዳሩን ወጥተን፣ ከዳሩም አልፈን ከፍ ያለ ቦታ ስንደርስ ነው የቆመው።

ያኔ ባቡሩ ከታች በባቡር ድልድዩ ላይ ቀስ እያለ አለፈ። ዋርፋ የሚባለው ባልደረባው ከኋለኛው ፉርጎ እጁን አውለበለበልን። አሸዋው ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ፤ አንዷ፣ «እዩልኝ፣ ሽመንደፈሩ፣ የባቡር ሠራተኛው ራሱ፣ ባቡር ሲሸሽ!» አለች። ነገ ከዚራ በሙሉ ይህን እንደሚያወራ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።

እሱ አልሳቀም። ትንፋሹ ተቆራርጧል። በለጠች ፊቱን በእጇ ወደ እሷ አዞረችና፣ «አባዬ፣ ባቡር ነው እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት።

ከዚያ እጇን ሰጠችው አልልዎትም። እሱም አላወረዳትም፤ እንደተሸከማት ቤት ገባን።

የባሕሩን መስኮት አንድ ቀን መጥቼ አየዋለሁ፤ ቁልፉን ግን ለክፍሉ ባለቤት ይመልሱለት። ጫማውንም አሁን ይላኩልን። እግሯ አድጓልና፣ የያዙት ከጠበበ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ያስለውጡልኝ።

እኅትዎ ሰርካዲስ